ቀዳም ሥዑር የጮኸው ገብስማ

ጋሽ ፈቃዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ሾላ ገበያ ውስጥ፣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አቅፌ ደረቱን እየዳበስኩ ሳለ ነው። ገና ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ስልኬ ጠራ፤ የድሮ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። «ሰናይት፣ ጋሽ ፈቃዱ አረፉኮ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ብዙ ተናግረዋል፣ አንዱንም አላስታውስም። ዶሮ ሻጩ ፊቴን አይቶ ዋጋው የከበደኝ ስለመሰለው «ኧረ እንስማማለን እህቴ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ዶሮውን መለስኩለትና ወደ ታክሲው ሄድኩ።

እጄ ያረፈው የዶሮው ደረት አጥንት ላይ ነበር። እዚያ ላይ እጅ ማሳረፍን ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። «ላባ ካፖርት ነው፣ የከሳም የወፈረም ይለብሰዋል። አንቺ ደረቱን ዳብሺ» ይሉኝ ነበር። «ሁለተኛ፣ ሲጮኽ ሳትሰሚው እንዳትገዢ። ያልጮኸ አውራ ገና ልጅ ነው፣ ለበዓል አልደረሰም።» ሲኤምሲ ከገባሁ ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም ዶሮ የምመርጠው እሳቸው ባሳዩኝ መንገድ ነው።

የካ ውስጥ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ከሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። የእኛ ግቢ ከላይ ነው፣ የሳቸው ከታች፣ በመሀል የባሕር ዛፍ አጣና አጥር አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት ዶሮ እርባታ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። መኖ ይረከባሉ፣ መኖ ያስረክባሉ። ባለሙያዎቹ ሻይ ሲጠጡ የሚያወሩትን ግን አንድም ሳያስቀሩ ሰምተው ነው ጡረታ የወጡት። ስለ ዶሮ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ለማን እንደሚነግሩትም አይጨነቁም፤ ቆሞ የሰማቸው ሁሉ ተማሪያቸው ነው።

የሰፈራችን ደንብ ሴት ልጅ አታርድም ነው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የሚያፈርሰውም የለም። ባል የሞተባት ወይም ባሏ ሩቅ የሄደባት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዛ በሯ ላይ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ «ወንድሜ፣ እባክህ እረድልኝ» ብላ ትለምናለች። አባቴ በሞተ ዓመት፣ ለገና፣ እናቴ እንደዚያ ቆመች። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ። አንዱ «ሱፍ ለብሻለሁ» አለ። ሌላው እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ጭራሽ እንዳላየን ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ማየት ስትጀምር ጋሽ ፈቃዱ ቢላዋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሽቅብ መጡ።

«ዘውዴ» አሏት፣ «ሁለተኛ እዚህ በር ላይ እንዳትቆሚ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

መጡም። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አንድም በዓል አላጎደሉም። ለእኛ ብቻም አይደለም፤ ከዳገቱ ጫፍ ጀምረው ወንድ የሌለበትን ቤት ሁሉ እያንኳኩ ይወርዳሉ።

ሲያርዱ አይቸኩሉም። ቢላዋውን በሞረድ ይስላሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ የዶሮውን ክንፎች አነባብረው በእግራቸው ይረግጣሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ይቅርታ ወንድሜ፣ ትእዛዝ ነው» ይሉታል ዶሮውን። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው «በስመ አብ» ይላሉ። ለድካማቸው ምንም አይቀበሉም። ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ይቅመሱ ቢባሉ «ገና ስንት ቤት ይጠብቀኛል» ነው መልሳቸው። አንድ ነገር ብቻ ይወስዳሉ፤ ከአውራ ዶሮው ጭራ ረጅሙን፣ ቆልመም ያለውን ላባ ይነቅሉና ባርኔጣቸው ላይ ይሰኩታል። ሥራቸው ሲያልቅ የሁሉም ቤት ላባ መስኮታቸው ላይ ካለው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል። ምን ያደርግልዎታል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ሰው የዘመዶቹን ፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅል የለ? የኔ ይኸው» አሉኝ። ልጅ አልነበራቸውም።

ወሬያቸው የሚጀምረው ዶሮው ታርዶ የፈላ ውሃ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ነው። «ዶሮ አገሯ እዚህ እንዳይመስልሽ» ይሉኛል። «እንግዳ ናት። አገሯ ሩቅ ምሥራቅ፣ የእስያ ጫካ ውስጥ ነው። የዱር ዘመዶቿ እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፣ ዛፍ ላይ ያድራሉ። መጀመሪያ ሰው ያስጠጋትም ሊበላት አይደለም ይላሉ። ለአውራው ድምፅ ነው፣ ንጋቱን እንዲነግረው። መብላቱ በኋላ የመጣ ነው።» ወደ እኛ አገር በቀይ ባሕር በመርከብ ትምጣ ወይስ በዓባይ ሸለቆ በእግሯ፣ ባለሙያዎቹ ሲከራከሩ ሰምተዋል። እሳቸው በመርከቡ ወገን ናቸው። «ዶሮ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ? አታውቂያትም» ይላሉ። የላባውን ቀለም ስም ያስጠኑኛል፤ ነጭና ግራጫ የተዘባረቀው ገብስማ፣ ብዙ ቀለም የደባለቀው ወሰራ፣ አናቱ ላይ ላባ የቆመለት ጉትዬ። ጠንቋይ ያዘዘለትን ቀለም ፍለጋ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ሲያዩ ይስቃሉ። «ድስት ውስጥ ሲገባ ሁሉም ቀይ ነው» ይላሉ።

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት መውጣት አለበት። አዲስ ሙሽራ በአማቷ ፊት የምትፈተነው በዚህ ነው። እናቴ ስታስተምረኝ ጋሽ ፈቃዱ ከኩሽናው በር ውጭ ቆመው ያስቆጥሩኛል። አንድ ጊዜ አንዱን መላላጫ ከጀርባው ጋር አጣብቄ አሥራ አንድ ሆነብኝ። «አሥራ ሁለተኛውን ዋጥሽው እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሥራ ሁለት የሆነው ለሐዋርያት ነው ይባላል። ይሁን። ግን ይሄን ያህል ዘመን ስበላ የይሁዳው የትኛው እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም» አሉ። እናቴ በሳቅ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ኧረ ጋሼ፣ በበዓል ምድር ይሁዳን ምን ያነሱታል» አለቻቸው።

«ምን አጠፋሁ? ደግሞ በይሁዳ ላይ የጮኸ ዶሮ የለም። የጮኸው በጴጥሮስ ላይ ነው፣ በወዳጁ። ጴጥሮስ ግን አለቀሰና ተመለሰ» አሉና ላባቸውን ሰክተው ወረዱ።

ከዚያ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ታመሙ። ሕመሙ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይመላለስ ነበር። ሲቆይ ቀረ። እኛም ቀረን፣ በሌላው ላይ ብቻ አላሳብብም። ያልቀሩት ከታች፣ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የሚያመልኩ ጥቂት የፕሮቴስታንት ሴቶች ነበሩ። በየጠዋቱ እየመጡ እትዬ ብርቄን ያጥቧቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፣ አልጋቸውን ያነጥፋሉ። እትዬ ብርቄ ሲያርፉ ጋሽ ፈቃዱ እሑድ እሑድ ወደዚያ አዳራሽ መውረድ ጀመሩ። ማንንም አልሰበኩም፣ ማንንም አልነቀፉም። ሲጠየቁ «ያስታመሙልኝ እነሱ ናቸው» ብቻ ይላሉ። አዳራሹ ውስጥም ቢሆን ለሰፈሩ ሴቶች ዶሮ ማረዳቸውን አሮጌ ልማድ ነው፣ ይተዉት የሚሉ ነበሩ አሉ። አልተዉትም።

ሰፈሩ ግን ጉድ አለ። ያኔ የሰፈሩ ወሬ በእትዬ አስካለ በር ሳያልፍ አይሄድም ነበር፤ እሳቸው «ቢላዋው ያው ነው፣ አፉ ግን ሌላ ሆኗል» አሉ። ንግግሩ ከቤት ቤት ዞረ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ሴቶቹ አንድ በአንድ ሌላ አራጅ ፈለጉ።

እናቴ ተጨነቀች። ያን በር ላይ መቆሟን አልረሳችም፣ ማን ከዚያ እንዳነሳትም አልረሳችም። «ቄሱን ጠይቀሻቸዋል?» አልኳት። «ቄሱስ ይሁኑ፣ አስካለን ምን እላታለሁ?» አለችኝ። በመጨረሻ የእትዬ አስካለ የእህት ልጅ መጥቶ እንዲያርድልን ሁለቱ ሴቶች ተስማሙ።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ጋሽ ፈቃዱ እንደወትሮው ታጥበው፣ ቢላዋቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው በራቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በየቤቱ ማንኳኳቱን ትተዋል፤ የሚጠራቸው ካለ ብለው ነው። ከአጥሩ በላይ ባርኔጣቸው ይታየናል። ረፋድ ሆነ፣ አልተነሱም። እናቴ በመስኮት ስታይ ስታይ ቆይታ «ሂጂና ታርዷል በያቸው። እዚያ ተቀምጠው አይዋሉብኝ» አለችኝ።

ልጅ አልነበርኩም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሴት ነኝ። አልሄድም ማለት እችል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን ቀጤማ ግንባሬ ላይ እንዳሰርኩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደረቱን ዳበስሽው?» አሉኝ፣ ለመነሳት ጉልበታቸውን እየያዙ።

«አዎ፣ ግን ጋሼ፣ እማዬ እንዳይደክሙ ብላ ነው። የእኛ ታርዷል። በማለዳ ነው የታረደው።»

አፌን ሳልዘጋ ከላይ፣ ከግቢያችን፣ ገብስማው ጮኸ። ራሴ ሾላ ወርጄ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ ሲጮኽ ሰምቼ የገዛሁት ገብስማ ነው። አንዴ ጮኾ አልበቃውም፣ ደገመው። ዳገቱ ላይ ያን ሰዓት ሌላ ድምፅ አልነበረም። ጋሽ ፈቃዱ ቀና ብለው ወደ ግቢያችን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ቀጤማዬን። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

«የአስካለ ዶሮ ነው» አሉ። «ክፉ ጯኺ ነው እሱ። ሂጂ ልጄ፣ እናትሽን አግዣት። መልካም በዓል በይልኝ።»

እትዬ አስካለ ዶሮ አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት የገዙት በግ ነበር፣ በራቸው ላይ ታስሮ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ጋሽ ፈቃዱ ቢላዋቸውን ከነጋዜጣው አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የእትዬ አስካለ የእህት ልጅ አልመጣም። እናቴ እንደገና በር ላይ ቆመች፣ ጋሽ ፈቃዱ ሁለተኛ እንዳትቆሚ ባሏት በር ላይ። የሚያርድላት አላገኘችም። ፋሲካን በእንቁላልና በአይብ ፈሰክን። ገብስማው ግን ተርፎ በየማለዳው ይጮኻል። እናቴ ቅርጫት ደፋችበት፤ ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖም ይጮኻል። ከአጥሩ በታች ጋሽ ፈቃዱ ፊታቸውን ሲታጠቡ ይሰማናል፣ እሳቸውም ይሰሙታል። ጠዋት ሲያገኙን እንደ ድሮው «እንዴት አደራችሁ» ይሉናል፣ ሌላ ምንም አይሉም። በሳምንቱ ልጁ መጥቶ አረደው። ወጡ ተሠራ። እናቴ አንድ ጉርሻ ወስዳ አልወርድ አላት። እኔ በላሁ። እስከ ዛሬ ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ጣፍጦኝ በላሁ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ነገ እያልኩ ተመረቅኩ፣ ነገ እያልኩ ሥራ ያዝኩ፣ ነገ እያልኩ እናቴን ይዤ ሲኤምሲ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ስገዛ እዚያው ገበያው ውስጥ አሳርጄ፣ አስለብልቤ ነው የማመጣው። ማንንም መለመን የለም፣ በር ላይ መቆምም የለም። ተገላገልን ብለን ነበር።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር እንጦጦ ወጣን። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ አደይ በየሜዳው ፈንድቷል። ልጆቹ ፎቶ ሲነሱ እኔ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ የማውቀው ባርኔጣ አየሁ። ጋሽ ፈቃዱ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ አጠገባቸው በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አለ። ከስተዋል።

«ጋሼ፣ በበዓል ዋዜማ ምን ያደርጋሉ እዚህ?» አልኳቸው ጉንጫቸውን ስሜ።

«በየዋዜማው እዚህ ነኝ» አሉ። «ጠዋት እወጣለሁ፣ አመሻሽ ላይ እወርዳለሁ። ቤት ከተገኘሁ ሴቶቹ ይሳቀቃሉ። ምን ብለን እንለፋቸው እያሉ ምክንያት ይፈልጋሉ። ከሌለሁ ግን ‹ፈልገን አጣናቸው› ይላሉ፣ ውሸትም አይሆንባቸው።»

ሲናገሩት ቅሬታ አልነበረበትም። ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ እንደሚነግር ሰው ነው የነገሩኝ።

«ጋሼ፣ የዚያን ጊዜ ገብስማው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለ ተርኪ ነግሬሻለሁ?» አሉ አቋርጠውኝ። «ፈረንጆቹ ለበዓላቸው የሚያርዱት ትልቁ ወፍ። አገሩ አሜሪካ ነው። እንግሊዞቹ ከቱርክ የመጣ መስሏቸው በቱርክ ስም ጠሩት። ቱርኮቹ ደግሞ የለም፣ የህንድ ነው ብለው በህንድ ስም ጠሩት። ሁሉም የሌላ ነው ይላል፣ የኔ ነው ያለ የለም። ያለ እሱ ግን በዓላቸው በዓል አይሆንም።» ዳቦውን ከፌስታሉ አወጡ። «አንዳንዴ ያ ወፍ ያሳዝነኛል» አሉ።

ልጆቹ ከሩቅ ጠሩኝ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተሰናበትኳቸው፣ ከዚያ በኋላም አላገኘኋቸውም። ለራሴ አላስጨረሱኝም እላለሁ። እውነቱ አልጨረስኩም ነው። ቆሜ ብጠብቅ ኖሮ የተርኪው ወሬ ያልቅ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። የአዳራሹ ሰዎች እየዘመሩ ሸኟቸው። የሰፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ፈንጠር ብለው ቆመው አለቀሱ። ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እትዬ አስካለ ናቸው፣ የውሸት አልነበረም። ከቀብር መልስ የጋሽ ፈቃዱ ቤት ገባን። የወተቱ ጣሳ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። ላባዎቹ አቧራ ጠጥተዋል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል። ቀዩን አየሁ፣ ጥቁሩን አየሁ፣ ወሰራውን አየሁ። ገብስማ ፈለግኩ፣ ለምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። አልነበረም። እትዬ አስካለ አንዱን ነጭ ላባ በጣታቸው ነኩት። የእሳቸውም ባል ሩቅ አገር የነበረበት ጊዜ እንደነበር ያን ሰዓት ነው ያስታወስኩት። «ይሄኛው የኔ ነው» አሉ።

ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ቀስ ብዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ስትሰማኝ ቆየችና «የዘንድሮውን ዶሮ ገበያ እንዳታሳርጂው። በነፍሱ አምጪው» አለችኝ። በማግስቱ ሾላን ዞሬ ገብስማ አገኘሁ። ደረቱን ዳበስኩ፣ እስኪጮኽ ጠብቄ ገዛሁት።

በገና ዋዜማ እናቴ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች። ጉልበቷን ታማ ከቤት ከወጣች ቆይታለች። የሕንፃችን በር ላይ ቆመች። እኔ ገብስማውን አቅፌ ከኋላዋ ነኝ፣ ልክ እንደ ሰባተኛ ክፍሌ። ጥበቃችን ታምሩ ከወንበሩ ተነሳ።

«ልጄ፣ እረድልን» አለችው።

ታምሩ ቢላዋውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ አምፖል ሊቀይርልን ቤታችን ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የማርያም ሥዕል ያየ ልጅ ነው። አፈረ። «እማማ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኔ ጴንጤ ነኝ። ሌላ ሰው ልጥራልዎት?» አላት።

«ማንንም አትጥራ» አለችው። «የምፈልገው አንተን ነው።»

ታምሩ እጁን ታጠበ። ክንፎቹን አነባብሮ ረገጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ጸለየ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። አርዶ ሲያበቃ እናቴ በመከራ ጎንበስ አለች፣ ከገብስማው ጭራ ረጅሙን ላባ ነቀለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰጂላቸው» አለችኝ። «ታርዷል በያቸው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።